መልስ፦ ከአምስተርዳም መርከብ ወደ ስኪፖል

እህቴ፣ የራይን ወንዝ የመርከብ ጉዟችሁን ጨርሳችሁ አምስተርዳም ስትወርዱ ከእናትሽ ጋር ወደ ስኪፖል አየር ማረፊያ በታክሲ ወይስ በባቡር ብለሻል። በባቡር ሂዱ! ከማዕከላዊው ጣቢያ 15 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የሚያወርዳችሁም እዚያው አየር ማረፊያው ሥር ነው።

መርከቡ የት እንደሚቆም ግን ዛሬውኑ ጠይቂ። ደ ራይተርካደ የሚባለው የመርከብ ማቆሚያ ከሆነ ጣቢያው ጀርባ ነው፣ ሻንጣ እየጎተቱ ይደረሳል።

ለትኬት መሰለፍ የለም። የባንክ ካርድሽን የጣቢያው መግቢያ በር ላይ ታስነኪያለሽ። አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሠራም፤ ለእማማ ሌላ ያዢላቸው። ስትወርዱ ያንኑ ካርድ መልሶ ማስነካት ግድ ነው። ስኪፖል ላይ የሚዘጋ በር ስለሌለ ብዙ ሰው ረስቶ ያልፋል፤ አዳራሹ ውስጥ የቆሙትን የካርድ ማሽኖች ፈልጊ። እማማን በሊፍት አውጫቸው፣ ደረጃው ከሻንጣ ጋር ያደክማል።