ከራስ ዳርጌ ወደ ታች አትውረጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የአያቴ እናት ከራስ ዳርጌ ቤት ናት ይባላል። እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። የዘር ሐረጉን ከየት ልጀምር? ከፍለን የሚሠራልን ሰው አለ ወይ?» ነው ያልሽው። ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። የሚሠራ ሰው አለ። እንዳትከፍዪው።

እኔ ከፍያለሁ። በ2011 ዓ.ም. 35 ሺህ ብር። ያኔ 35 ሺህ ብር፣ ብር ነበር።

የአንቺ ነገር ከእኔ ጋር አንድ ነው ብዬ ነው የምጽፈው። የሰላሌ ዘር፣ የአያት እናት፣ «ከቤቱ ነን» የሚል ወሬ፣ ወረቀት ግን የለም። አያቴ የነበራትን ፎቶና ደብዳቤ በ1967 ጓሮ አውጥታ አቃጥላዋለች። የእናንተም ቤት ሳታቃጥል አትቀርም።

አንደኛ፦ ከራስ ዳርጌ ወደ ታች አትውረጂ። ከራስሽ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ላይኛው ተጽፎ አልቋል። በ1840 ዓ.ም. ያረፉት የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እነማንን እንደወለዱ ማንም ይቆጥርልሻል። ከኃይለ መለኮት ምኒልክ፣ ከተናኘወርቅ ራስ መኮንን፣ ከራስ መኮንን ጃንሆይ። ራስ ዳርጌም የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የምኒልክ አጎት። ለዚህ ሰው መቅጠር አያስፈልግም። የሚጠፋው መሐሉ ነው። መሐሉ ላይ ያሉት ደግሞ ሴቶች ናቸው።

ሁለተኛ፦ ስለዚህ ሴቶቹን ተከተዪ። ከራስ ዳርጌ ዘር ስማቸው የገነነው ራስ ካሣ ኃይሉ እንኳ የሴት ልጃቸው የወይዘሮ ትሰሜ ልጅ ናቸው። አባታቸው የላስታ ሰው ናቸው። ጃንሆይም ወደ ሣህለ ሥላሴ የሚወጡት በአያታቸው በተናኘወርቅ በኩል ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጃንሆይን የሣህለ ሥላሴ ተወላጅ ብሎ ዘውዱን ከዘራቸው እንዳይወጣ ሲያደርግ ሴትየዋን ግን ስሟን አልጠራም። ሕገ መንግሥት ያልጠራትን የእኛ ሐረግ ሠሪ ይጠራታል?

አልጠራም። ቆዳ ላይ ነው የሠራልን። አናቱ ላይ አንበሳ፣ ዳር ዳሩ ወርቅማ ቀለም፣ ውስጡ ወንድ ብቻ። አንዲት ሴት ብትኖር የአያቴ እናት ናት። እሷንም የራስ ዳርጌ ልጅ አድርጎ «በ1853 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደች» ብሎ ጽፏል። አክስቴ ሳሎኗ ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡና ሳይቀርብ አንበሳው ይታያል።

አሁን አስቢው። በ1853 ራስ ዳርጌ የት ነበሩ? መቅደላ! ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ሸዋን ሲይዙ ከወንድማቸው ልጅ ከምኒልክ ጋር ወሰዷቸው። ምኒልክ በ1857 ሲያመልጡ እሳቸው እዚያው ቀሩ። የተፈቱት በ1860 እንግሊዝ መቅደላ ሲገባ ነው። መቅደላ የታሰረ ሰው አንኮበር ላይ ልጅ ከየት ያመጣል? ደግሞ አያቴ በሰገሌ ጦርነት ጊዜ ጡት ትጠባ ነበር። ሰገሌ 1909 ነው። እናቷ በ55 ዓመቷ ወለደቻት ማለት ነው። ይኼን ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ በቂ ነበር። እኔ ግን አንበሳውን እያየሁ ቀረሁ። ለሰውዬው ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ታሪክ በጥቅሉ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

ሦስተኛ፦ የርስት ክርክር መዝገብ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ርስት የሚጠይቅ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ አባት፣ አያት፣ ምንጅላት መቁጠር ነበረበት። ስለዚህ የድሮ መዝገብ ውስጥ ሐረግ ሞልቷል። ግን ተጠንቀቂ፣ ተከራካሪ ዘሩን የሚቆጥረው ለጥቅሙ ነው። ይኼንኑ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «መሬት ልትጠይቅ ነው?» አለችኝ። ኧረ አይደለም፣ የአያቴን እናት ፍለጋ ነው አልኳት። «ታዲያ ሞታ የለ?» የቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። የወረዳ አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስብሰባ! በመጨረሻ መዝገቡ ያለበት ክፍል ቁልፍ ፈቃድ በወጣ ሰው ኪስ ውስጥ እንደሆነ ተነገረኝ። አንቺ ከቨርጂኒያ መጥተሽ የሁለት ሳምንት ፈቃድሽን እዚያ በር ላይ እንዳትጨርሺው።

የሰላሌ ከተማ ፊቼም ስሄድ ያው ጥያቄ ነው የጠበቀኝ። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ወጥተሽ ለምሳ ትደርሻለሽ። ሽማግሌዎቹ የመጣሁበትን ስነግራቸው ዝም አሉ። መሬት ሊያስመልስ መጣ ብለው እኮ ነው። በሦስተኛው ጉዞዬ ነው ወሬ የጀመሩልኝ። ያውም ስለ ታኅሣሥ 1929፣ ጣሊያን የራስ ካሣን ሁለት ልጆች፣ አበራንና አስፋወሰንን፣ እዚያው ፊቼ ስለገደለበት ቀን። ስለ ሴቶቹ ማንም ትንፍሽ አላለም።

አራተኛ… ቁጥሩን ልተወው። ዋናው ይኼ ነው። የክርስትና ስሟን ያዢ።

እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የአያቴን እናት በዓለም ስሟ ስጠይቅ ኖርኩ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የዓለም ስም አያውቅም። ንግሥት ዘውዲቱ በጸሎት አስካለ ማርያም ናቸው። ተፈሪም «ኃይለ ሥላሴ» የተባሉት በክርስትና ስማቸው ነው። አንዲት የገጠር ወይዘሮ በምን ተአምር በዓለም ስሟ ብራና ላይ ትገኛለች? አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ስመ ክርስትናዋ ማነው?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። «ታዲያ ማንን ነው የምትፈልገው?» አሉኝና ሄዱ።

የተገኘው እናቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለጸሎት ለቤተ ክርስቲያን ስም የምትሰጥበት የትምህርት ቤት ደብተር ነበራት። ሁሌ ዓይኔ ሥር ነበር፣ የዕቁብ ሒሳብ ይመስለኝ ነበር። ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ «ወለተ ጊዮርጊስ፣ የእናቴ እናት» ይላል።

በአራተኛው ጉዞዬ ያንን ስም ይዤ ሄድኩ። ከፊቼ ወጣ ያለ ደብር ነው። ቄሱ ተአምረ ማርያሙን ከማኅደሩ አወጡት። ጭስና ዕጣን ይሸታል። ከየተአምሩ መጨረሻ «ጸሎታ ወበረከታ የሃሉ ምስለ አመታ ወለተ ጊዮርጊስ» ይላል፣ ስሙ በቀይ ቀለም። ጸሎቷና በረከቷ ከአገልጋይዋ ከወለተ ጊዮርጊስ ጋር ይሁን ማለት ነው። ብራናው እዚያ ጋ ሳስቷል። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ ነው የእሷ የተጻፈው። ጣቴን ልዘረጋ ስል ቄሱ እጄን መለስ አደረጉት። የመጨረሻው ቅጠል ላይ በአማርኛ አንድ መስመር አለ፦ «ለእናቴ ለወለተ ኪዳን መታሰቢያ»።

ወለተ ኪዳን ደግሞ ማናት? ከራስ ዳርጌ ቤት ወይዛዝርት አንዷ ናት ብዬ ልቤ ዘለለ። ቄሱ ወደ አንዲት እማሆይ ወሰዱኝ፣ ወደ 90 ይጠጋሉ። ስሙን ስጠራላቸው ሳቁ። «ወለተ ኪዳንማ ጠጅ ጣይዋ ናት» አሉ። ጠጅ ጣይዋ በወሊድ ስትሞት የቤቱ እመቤት ሕፃኗን፣ ወለተ ጊዮርጊስን፣ የጡት ልጅ አደረጓት። ጡታቸው ላይ ማር ተቀብቶ፣ ሽማግሌ ባለበት። ስለዚህ «ከቤቱ ነን» የሚለው ወሬ እውነት ነው። ከቤቱ ነን። ከደሙ አይደለንም።

አክስቴ ስድስት ወር አላናገረችኝም። አንበሳውም አልወረደም። እኔ ግን እውነቴን ነው የምልሽ፣ እመቤቲቱ ያሳደጓት ልጅ አድጋ ብራና ገዝታ፣ መታሰቢያውን ለወለደቻት ለጠጅ ጣይዋ ማድረጓን ሳስብ ደስ ይለኛል። ይኼን ደግሞ 35 ሺህ የበላው ሰውዬ አላገኘውም። ያገኘሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልርሳ እንዴ፣ ዓመት ስትጽፊ የእኛን ከፈረንጁ ለይተሽ ጻፊ። አጎቴ ሁለቱን ቢቀላቅል አንድ ሰው ከአባቱ በፊት ተወልዶብናል።

እናትሽ ካሉ ዛሬውኑ ደውዪላቸውና የአያትሽን እናት የክርስትና ስም ጠይቂያቸው። «አላስታውስም» ካሉ ደብተር ይኖራቸው እንደሆን ጠይቂ። እኔ ነሐሴ 24 ለተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስ እወርዳለሁ፣ ፊቼ ሳልደርስ አልመለስም። እስከዚያ ስሙን ከላክሽልኝ ቄሱን እጠይቅልሻለሁ። ብር አትላኪ። ለደብሩ አንድ እሽግ ጧፍ ይበቃል፣ እሱንም ከዚሁ እገዛለሁ።