ከኋላ ምንም ሳይኖር የሚጮህ የፓርኪንግ ሴንሰር

እንደጻፉልኝ ከሆነ፣ ባለ አምስት በር ትንሽ መኪናዎ ላይ አራት ሴንሰር ያለው የኋላ ፓርኪንግ መሣሪያ አስገጥመዋል። የኋላ ማርሽ በገባ ቁጥር፣ ከኋላ ባዶ ሜዳ እያለ፣ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ማሳያው ላይ ሁልጊዜ 0.3 (ሜትር) ይነበባል፤ የሚበራውም የቀኙ ምልክት ነው። ጠዋት በብርድ ይብሳል፤ ቀትር ላይ አንዳንዴ ዝም ይላል። ሞተሩ ቢነሣም ባይነሣም ለውጥ የለውም። ሁለተኛ ሠራተኛ መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ቀየረ፤ አልሻል ሲለው የድምፅ ማውጫዋን ሽቦ ቆርጦ ሸኝቶዎታል። መጀመሪያ የገጠመው ሰው ደግሞ ሴንሰሮቹ እንዳይወልቁ ብሎ ዙሪያቸውን በፈጣን ማጣበቂያ እንደሞላው በመጨረሻው መስመር ላይ ጠቅሰውልኛል።

ነገሩን የነገረኝ ያ የመጨረሻ መስመር ነው። እኔ ሳጥኑንም ሽቦውንም አልጠረጥርም። የምጠረጥረው ሴንሰሩ የተሰካበትን የፓራውልቱን (የኋላ መከላከያውን) ቀዳዳ ነው።

ቁጥሩ አለመለዋወጡን ልብ ይበሉ። ሴንሰሩ መሬት እያየ ቢሆን ኖሮ ንባቡ ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ ዕቃ ሲጫን እየወረደ፣ የመሬቱ አቀማመጥ ሲለያይ እየተለያየ ይታይ ነበር። የኤሌክትሪክ ረብሻ ቢሆን ደግሞ ሞተሩ ሲነሣ ይጀምርና ነዳጅ ሲረገጥ ቁጥሩ ይዘል ነበር። የእርስዎ ግን ቆሞም ሠርቶም ያው 0.3 ነው። በብርድ መባሱም ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል፤ የፓራውልቱ ፕላስቲክ በብርድ ሲሰበሰብ ቀዳዳው አብሮ ይጠብና ሴንሰሩን አንቆ ይይዘዋል።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። ይህ መሣሪያ የሚፈተሸው የኋላ ማርሽ ገብቶ፣ ሰው ከመኪናው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ነው። ስለዚህ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ቁልፉ መብራቱ እስኪበራ ብቻ ይዙር፣ የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ይሳብ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ጣውላ ወይም ድንጋይ ይደገፍ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪናም ቢሆን ያው ነው፤ ሞተሩ እንደጠፋ ፍሬኑን ረግጠው ያስገቡ። ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይዞልኛል ብለው ከኋላ እንዳይቆሙ። የሰው እግር ይንሸራተታል።

አሁን ጥርጣሬዬን ይፈትሹት። ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ካለው ሳጥን ላይ ጥፋተኛውን የሴንሰር ሶኬት ነቅለው ከሌላኛው ዳር ሴንሰር ሶኬት ጋር ያቀያይሩ። ምልክቱ ወደ ግራ ከተሻገረ ጥፋቱ ከሶኬቱ ወዲያ፣ ማለትም በሴንሰሩ፣ በገመዱ ወይም በቀዳዳው ነው፤ ሁለተኛው ሠራተኛ ይህን የሁለት ደቂቃ ሙከራ ቢያደርግ ኖሮ ደህናውን ሳጥን ባልጣለው ነበር። ቀጥሎ ማጣበቂያውን ከታች እንደማስረዳው ቆርጠው ሴንሰሩን ከቀዳዳው ያውጡና ጠርዙን ብቻ በሁለት ጣት ይዘው ፊቱን ወደ ባዶ ሜዳ ያዙሩት። 0.3 ከጠፋ ቀዳዳው ተያዘ። በእጅዎ ላይም እያለ ያንኑ ካነበበ ግን ውኃ ገብቶበታል ወይም ፊቱ ተጎድቷል፤ መቀየር ነው። ሌላም ምልክት አለ፤ ጆሮዎን ወደ ሴንሰሩ ሲያስጠጉ ጤነኛው ቀጭን ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ያሰማል።

ቀዳዳ እንዴት ያስጮሃል ለሚለው ጥያቄ መልሱን ትንሽ ላስፋው፤ ይህን የተረዳ ሰው ሁለተኛ ሴንሰር በማጣበቂያ አይገጥምምና።

በሴንሰሩ ፊት ላይ የሚታየው ክብ ነገር ስስ የአሉሚኒየም ቆዳ ነው። ከጀርባው የተለጠፈው ትንሽ የሴራሚክ ቁራጭ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይንዘፈዘፋል፤ ቆዳውም አብሮ በሰከንድ 40,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህ ከሰው ጆሮ አቅም በላይ ነው፤ እርስዎ የሚሰሙት ቲክታ የምቱን መነሻና መድረሻ ብቻ ነው። ድምፁ ሄዶ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፤ ያው ቆዳ አሁን ጆሮ ሆኖ ይቀበለዋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 30 ሳንቲሜትር ላይ ያለ ነገር ማሚቶውን የሚመልሰው በ1.75 ሚሊሰከንድ ነው፤ መሄጃው 30፣ መመለሻው 30። ችግሩ ቆዳው ከተመታ በኋላ ወዲያው አለማረፉ ነው። ለአንድ ሚሊሰከንድ ያህል እየተንቀጠቀጠ ይቆያል። ሳጥኑም ይህን ስለሚያውቅ በዚያ ጊዜ ጆሮውን ይዘጋል። በጣም የቀረበ ነገር የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ስልክዎን በንዝረት ላይ አድርገው መዳፍዎ ላይ ያስቀምጡት። ሲደወል ትንሽ ይንዘፈዘፋል፣ ያበቃል። ያው ስልክ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ጠረጴዛው በሙሉ ያጉረመርማል። ሴንሰሩ ውስጥ በቆዳው ዙሪያ ያለው ለስላሳ ጎማ የመዳፍዎን ሥራ ይሠራል፤ ንዝረቱ ወደ ፓራውልቱ እንዳያልፍ ያግደዋል። ደረቅ ማጣበቂያ ያንን ጎማ አልፎ ቆዳውን ከፓራውልቱ ጋር ሲያያይዘው፣ ወይም ጠባብ ቀዳዳ ጎማውን ሲጨፈልቀው፣ ፓራውልቱ ጠረጴዛ ሆነ ማለት ነው። ፕላስቲኩ ይንዘፈዘፋል፤ ንዝረቱን መልሶ ለቆዳው ይሰጠዋል። ሳጥኑ ጆሮውን ሲከፍት ቆዳው ገና አላረፈም። ከኋላ ማንም የለም፤ መሣሪያው ግን የራሱን ንዝረት ሰምቶ «30 ሳንቲሜትር ላይ ግንብ አለ» ይላል። ያ ግንብ የማይርቅ የማይቀርበውም ስለዚህ ነው።

ጥገናው ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይፈልግም። ፓራውልቱን ቢያወልቁት ይመረጣል፤ ብሎኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጎማው በላይ፣ ከሥር እና የኋላው በር ሲከፈት በሚታየው ጠርዝ ላይ ናቸው። በብርድ ጠዋት አይንኩት፤ የፕላስቲክ መቆለፊያዎቹ ይሰበራሉ። ማጣበቂያውን ከጀርባ በኩል በስስ ምላጭ ቀስ እያሉ ይቁረጡት። አሴቶን እንዳይጠቀሙ፤ ቀለሙን ይበላል፤ አንዳንዱን ፕላስቲክም ያበላሻል። ሴንሰሩን ለማውጣት ፊቱ ላይ አይጫኑ፤ ያ ስስ ቆዳ በአውራ ጣት ይጎዳል።

ቀዳዳው የሴንሰሩን አካል በልክ ማስተናገድ አለበት። ከዕቃው ጋር የመጣውን ክብ መቁረጫ ካላገኙ፣ የብርጭቆ ወረቀት በዱላ ላይ ጠቅልለው ዙሪያውን እኩል ይሞርዱ፤ ከውስጥ በኩል የቀረውን የፕላስቲክ ፀጉርም በምላጭ ያንሡ። ትክክለኛው ልክ ይህ ነው፤ ሴንሰሩ ጠርዙ ላይ በአውራ ጣት ሲገፋ ይገባል፣ ከገባ በኋላም በጣት ሲዞር ይዞራል። የላይኛውን አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት ወደ ሰማይ ይሁን። የሴንሰሩ እይታ ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ጠባብ ነው፤ ጎኑን ካዞሩት ሰፊው እይታ መሬት ላይ ያርፋል። ከመሬት ከ50 እስከ 65 ሳንቲሜትር ጥሩ ከፍታ ነው። የትንንሽ መኪኖች ፓራውልት ወደ ታች ስለሚያዘነብል፣ ሴንሰሩ መሬት የሚያይ ከሆነ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ያዘነበለ ቀለበት ከሥሩ ያስገቡ።

ቀዳዳው ከሰፋ ማጣበቂያ ሳይሆን ለስላሳ ሲሊኮን፣ እሱም ከጀርባ ብቻ፣ በውጫዊው ቅርፊት ላይ ሁለት ጠብታ ይበቃል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አይግዙ፤ መዳብ ሽቦን ያዝገዋል።

ስለ ሴንሰሩ ቀለምም ልናገር። ፓራውልቱን ከነሴንሰሩ በወፍራም ቀለም የረጩ ብዙ መኪኖች ወደ እኔ መጥተዋል። ቆዳው በቀለም ሲከብድ ንዝረቱ ይለወጣል፤ ሩቁን አያይም፣ ቅርቡንም ያምታታል። መቀባት ካለበት ተነቅሎ፣ በስሱ ይቀባ።

የተቆረጠችው የድምፅ ማውጫ ሽቦ ግን ከሁሉ በላይ አስቆጥታኛለች። የማይጮህ ሴንሰር ከሌለ ሴንሰር ይብሳል፤ የለመደ ሾፌር ዝምታውን «መንገዱ ባዶ ነው» ብሎ ያነበዋል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው መኪና ሲጠግን አልነበረም። ሽቦዋን ዛሬውኑ ይቀጥሉ፤ ጫፎቹን ልጠው፣ አጠላልፈው በብየዳ ያስይዙና በሙቀት የሚሰበሰብ የላስቲክ ቱቦ ያልብሱት። ናስትሮ ብቻውን በሙቀትና በእርጥበት ይላላል።

እግረ መንገድዎን መሣሪያው ኤሌክትሪክ የሚያገኝበትን፣ የኋላ ማርሽ መብራቱ ላይ ያለውን መገናኛ ይዩት። ከርካሽ ዕቃዎች ጋር የሚመጡት ሽቦ ነካሽ ክሊፖች የሽቦውን ክሮች ይቆርጣሉ፣ ውኃ ያስገባሉ፤ በዓመቱ አረንጓዴ ዱቄት ሆነው ይገኛሉ። ቆርጠው ይጣሏቸውና በብየዳ ይተኩ። ከቀዩ ሽቦ ላይ፣ ከመገናኛው አጠገብ፣ ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ጥቁሩን ሽቦ ከመኪናው አካል ላይ፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በሚያበራበት ቦታ በብሎን ያጥብቁት። ትርፍ ገመድ ከማርሚታው አጠገብ አይንጠልጠል።

ሲጨርሱ ከፓራውልቱ ጀምረው መሬቱ ላይ በጠመኔ 30፣ 60፣ 100 እና 150 ሳንቲሜትር ያስምሩ። ትልቅ ካርቶን አቁመው በየመስመሩ ላይ ያንብቡ፤ ሰው አያቁሙ። ደግሜ ልበል፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ጎማው ተደግፎ። ከዚያ በቀጭን ዱላ ይሞክሩ፤ የዱላውን ማሚቶ የሚያገኘው ቀርቦ እንደሆነ ያያሉ። ወፍራም ልብስ ድምፅን ይውጣል፤ ከእይታው በታች ያለ አጭር ነገርም አይያዝም። ትንሽ ልጅ ሁለቱንም ሊሆን ይችላልና መሣሪያው ከተስተካከለም በኋላ ወደ ኋላ ከመንዳትዎ በፊት ወርደው ይዩ።

ሴንሰሩ ከሞተ አራቱን በሙሉ አይግዙ። ግን የአንዱ ሠሪ ሴንሰር ለሌላው ሳጥን ሁልጊዜ አይስማማምና ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ አይውሰዱ፤ የሳጥንዎን ጀርባ ፎቶ አንሥተው ይዘው ይሂዱ።