ነጩ ሌዘር ለምን አልነጣም?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የምገኝ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የ1064 ናኖሜትር ሌዘራችንን፣ ናኖሰከንድ ፐልስ የሚተኩሰውን፣ ከቴሌኮም ዝርጋታ በተረፈ ፋይበር ውስጥ አሳለፍነው። ብርሃኑ ወደ ብዙ ቀለም ተዘርግቶ ነጭ እንዲሆን ስንጠብቅ ስፔክትሮሜትሩ 1120፣ 1175 እና 1240 ላይ የተነጣጠሉ ጉብታዎች ብቻ አሳየን። ጉልበቱ አንሶ ይሆን?

መልስ፦ አላነሰም፤ ፋይበሩ ነው የማይሆነው። ያያችኋቸው የራማን ደረጃዎች ናቸው። ብርሃኑ ለመስታወቱ ንዝረት ጉልበት እየሰጠ በየ13 ቴራኸርዝ ገደማ ወደ ረጅሙ ሞገድ ይወርዳል። የተራ ፋይበር ዲስፐርሽን (የተለያዩ ሞገዶች በተለያየ ፍጥነት መጓዛቸው) ዜሮ የሚሆነው 1310 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ በ1064 ሲገፋ ያለው መንገድ ይኸው ነው። ጉልበት ብትጨምሩ ደረጃው ይበዛል እንጂ አይነጣም።

የሚያስፈልጋችሁ በኮሩ (ብርሃኑ በሚጓዝበት መሃል) ዙሪያ የአየር ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ፎቶኒክ ክሪስታል ፋይበር ነው፤ ዜሮው 1040 አካባቢ የሆነውን ምረጡ። 1064 ከዜሮው ጥቂት አለፍ ብሎ ሲያርፍ ፐልሱ ወደ ብዙ ሶሊቶኖች (ቅርጻቸውን ጠብቀው የሚጓዙ አጫጭር ፐልሶች) ይሰባበራል። እነሱ ወደ ኢንፍራሬድ ሲንሸራተቱ፣ ዐይን የሚያየው አጭር ሞገድ በሌላው ወገን ይፈልቃል። ከ10 እስከ 20 ሜትር ይበቃል።

ዋናው ጣጣ ጫፉ ላይ ነው። ኮሩ 5 ማይክሮሜትር ያህል ነው። በጥቂት ሚሊዋት ጀምራችሁ፣ በወዲያኛው ጫፍ የሚወጣውን በፓወር ሜትር እየተከታተላችሁ አስተካክሉ፤ ከገባው ግማሽ ያህሉ ሳይወጣ ኃይል አትጨምሩ። አንዲት የድሬ አቧራ ኮሩ ላይ ካረፈች ጫፉ ይቃጠላል። ታዲያ እንደ ተራው ፋይበር በአልኮል እንዳትጠርጉት! ፈሳሹ ወደ ቀዳዳዎቹ ተስቦ ይገባና ብርሃኑ ከኮሩ ያመልጣል። የቆሸሸ ጫፍ መድኃኒቱ በክሊቨር (በፋይበር መቁረጫ) እንደገና መቁረጥ ነው፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ብታጡ አይቆጭም። ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ሌዘሩን እንዳይጎዳ ከፊቱ አይሶሌተር (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መሣሪያ) ይኑር። ለ1064 ብቻ የተሠራ መነጽርም ነጩን አያግድም።

ጥያቄ፦ ዚብላን የሚባለውን የፍሎራይድ ፋይበር በተለመደው ስፕላይሰር (የፋይበር መበየጃ) ከተራው ጋር መበየድ ይቻላል? ከሐረር።

መልስ፦ ለተራው ፋይበር በተሞላው ቅንብር አይሞክሩት። ዚብላን 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይሞላ ይለሰልሳል፤ የስፕላይሰሩ ብልጭታ ጫፉን አቅልጦ ያድቦለቡለዋል። ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት አነካክቶ በማቀፊያ መያዝ ይሻላል። እርጥበትም ገጹን ይበላዋል፤ በተለይ በክረምት ሲሊካ ጄል ባለበት የታሸገ ሣጥን ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያዋጣው ተራው መስታወት ከ2.4 ማይክሮሜትር በኋላ ብርሃኑን ሲውጠው ዚብላን እስከ 4 ስለሚያሳልፍ ነው። ከ2.4 በታች ለሚሠራ ሥራ አይግዙት።