«ቋሚ ሥራ ተፈጥሮልሻል» ስትባዪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ነገሩን ባጭሩ ልድገመው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። ማራኪ ከእናትሽ ጋር ነው የምትኖሪው። ቀበሌ ሄደሽ በሥራ ፈላጊነት ተመዝግበሻል። ከአራት ጓደኞችሽ ጋር ለዶሮ እርባታ ተደራጅታችሁ ተዘዋዋሪ ብድር ልትጠይቁ ሥራ ፈላጊዎችን ወደሚያስተናግደው የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ፣ ባለሙያው ኮምፒውተሩን አየና «አንቺማ አምና ቋሚ ሥራ ተፈጥሮልሻል» አለሽ። የት መሥሪያ ቤት? በስንት ደመወዝ? መልስ የለም። ስድስት ጊዜ ተመላልሰሻል። አንዴ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ አንዴ «ሲስተም የለም»፣ አንዴ «ነገ ነይ»። አሁን የምትጠይቂኝ፣ አቤት ልበል ወይስ ልተወው ነው።

አትተዪው። ግን ከዛሬ ጀምሮ በቃል መመላለሱን አቁሚ።

እኔም በወጣትነቴ እዚሁ ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ፋይሌ ጠፍቶብኝ ነበር። ተሟገትኩ። ጮህኩ። እንባዬም መጣ። የሰማኝ የለም። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የተናገርሽውን ነገ የሚያስታውሰው የለም። ጽፈሽ አምጪና ቁጥር ልስጥሽ» አሉኝ። ይህን ምክር ከዚያ ወዲህ ለስንት ሰው እንዳቀበልኩት አላውቅም።

አሜሪካ ያለችው የአክስትሽ ልጅ ሥራ ስታጣ ገንዘብ ይከፈላት እንደነበር፣ ሲከለክሏትም ይግባኝ ብላ እንዳስመለሰች ጽፈሻል። እውነት ነው። እዚያ አሠሪዎች በሚከፍሉት ግብር የሚቆም የሥራ አጥ መድን አለ፤ ይግባኝ የሚሰማ አካልም አለው። እኛ ዘንድ ይህ የለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ያሰባስባል። ሥራ ላጣ ሰው ግን የሚከፍለው ነገር የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለው የሥራ ስንብት ክፍያም ተቀጥሮ ለነበረ ሰው፣ ከአሠሪው ኪስ ነው። አንቺ ጋ ያለው አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡ። ብድሩም፣ የመሥሪያ ሼዱም፣ ሥልጠናውም የሚሰጠው ሥራ ፈላጊ ተብሎ ለተመዘገበ ነው። ስምሽ በተሳሳተ ቦታ ከተጻፈ በሩ ሁሉ ይዘጋብሻል።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ያነሳሽው ነገር አለ። አምና ለአንድ ጥናት ቤት ለቤት እየዞርሽ ለ20 ቀን መረጃ ሰብስበሻል። እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው። ጽሕፈት ቤቱ ስንት ሰው ሥራ እንዳገኘ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ «ጊዜያዊ» እና «ቋሚ» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ዓምዶች አሉ። የ20 ቀኗ ሥራ በቋሚው ሥር ገብታ ሊሆን ይችላል። ሆን ተብሎ ቁጥር ለመሙላት ይሁን በስህተት፣ እኔም አንቺም እርግጠኛ መሆን አንችልም። ስለዚህ በደብዳቤሽ ማንንም አትወንጅዪ። የ20 ቀኑን ሥራ ግን ራስሽ ጻፊው። ደብቀሽው በኋላ እነሱ ካወጡት ሌላውም ቃልሽ አይታመንም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። አድራሻው ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። ጉዳዩ፦ «የሥራ ፈላጊነት መረጃዬ እንዲታረም ስለመጠየቅ»። ከዚያ መቼ እንደተመዘገብሽ፣ ምን ቀን ምን እንደተባልሽ፣ የተመላለስሽባቸውን ቀናት አስፍሪ። ቀኑን ካላስታወስሽ ስልክሽን እዪ፤ የደወልሽበት ሰዓት እዚያው አለ። ቀጥሎ የምትፈልጊውን ሁለት ነገር ጠይቂ። አንዱ መረጃው እንዲታረም ነው። ሌላው፣ ቋሚ ሥራ አግኝታለች የተባለበት ማስረጃ ኮፒ እንዲሰጥሽ ነው። ይህን ሁለተኛውን እንዳትረሺ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶሻል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የቅጥር ውል ከሌለ የሚያሳዩሽ ወረቀት አይኖርም። ማረሙ ከመከራከሩ ይቀልላቸዋል።

ሁለት ቅጂ አትሚ። መዝገብ ቤት ግቢና አንዱን ስጪ። ሠራተኛዋ ትልቁን መዝገብ ገልጣ የገቢ ቁጥርና ቀን ትጽፋለች። «እባክሽ እኔ ኮፒ ላይም ቁጥሩን ጻፊልኝና ማኅተም ምቺልኝ» በያት። ካስቸገረች እዚያው ቆመሽ በትሕትና ጠብቂ። ያቺ ማኅተም የሌለችበት ደብዳቤ ቤትሽ ከቀረ ደብዳቤ እኩል ነው። ኃላፊው ደብዳቤሽን ሲያዩት ጥግ ላይ «ይታይና ይቅረብልኝ» ብለው ለአንድ ባለሙያ ይመሩታል። ስትመለሺ የምትጠይቂው ለማን እንደተመራ ነው። የተመራለትን ሰው ስም ከያዝሽ ደጅ ጥናቱ በግማሽ ይቀንሳል።

በር ላይ ወይም ኮሪደር ውስጥ የዜጎች ቻርተር ተለጥፎ ካየሽ ፎቶ አንሺው። አገልግሎቱ በስንት ቀን ማለቅ እንዳለበት እዚያ ተጽፏል። ቀኑ ካለፈ ያንኑ ማኅተም ያለበትን ኮፒ አያይዘሽ ከጽሕፈት ቤቱ በላይ ወዳለው የከተማው መምሪያ ሂጂ። እዚያም ካልሆነ የከተማ አስተዳደሩ ቅሬታ ሰሚ አለ። ደረጃ አትዝለዪ። ከዘለልሽ «መጀመሪያ ከሥር ጀምሪ» ብለው ይመልሱሻል፣ ጊዜሽም ይባክናል።

ከዚያ በላይ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለልሽ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ነው፤ ቅርብሽ ያለው ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ነው። አቤቱታ ለማቅረብ አያስከፍልም፣ በቃልም ይቀበላል። መርምሮ እንዲስተካከል ሐሳብ ያቀርባል እንጂ እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም፤ ይህን አውቀሽ ሂጂ። አንዳንድ ሰው «በአዋጅ 1183/2012 ክሰሻቸው» ይልሽ ይሆናል። እሱ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ነው፤ የፌዴራል ተቋማትን የሚመለከት ነው፣ ለክፍለ ከተማሽ አይሠራም። ነገሩ ወደ ክስ ካመራ የዩኒቨርሲቲያችሁ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ አንቺም ልጃቸው ነሽ፣ አትፈሪ።

ፍርሃት ካልኩ፣ «ጥርስ ውስጥ ከገባሁ ጓደኞቼም በእኔ ምክንያት ብድሩን ያጣሉ» ያልሽው ልቤን ነክቶታል። ፍርሃትሽ ከንቱ ነው አልልሽም። ትንሽ ከተማ ነው፣ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ለዚህ ነው ስም አትጥሪ፣ አትወንጅዪ፣ እርማት ጠይቂ የምልሽ። እርማት የጠየቀች ልጅ ላይ ቂም መያዝ ይከብዳል። ብቻሽንም አትሂጂ፤ ከጓደኞችሽ አንዷ አብራሽ ትግባ።

ጉዳዩ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። አራዳ ገበያ ላይ ሒሳቡን በደብተር የሚይዝ፣ የቫት ወር በመጣ ቁጥር የሚጨነቅ ስንት ነጋዴ አለ። የሁለት ሦስቱን ሒሳብ በወር በወር ያዢላቸው። ለሲቪሽም፣ ለቢዝነስ ፕላናችሁም የሚሆን ልምድ ነው። ይህንንም ቢሮው ከጠየቀሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ቋሚ ቅጥር አለመሆኑን ጭምር።

ረቂቁን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ከአንድ ገጽ ካለፈ አሳጥሪው። ሰኞ ከመሄድሽ በፊት ደግሞ አራቱም ጓደኞችሽ የየራሳቸውን ስም ያስፈትሹ። እንዳንቺ «ሥራ ያገኘች» ሌላ ካለች ደብዳቤውን አብራችሁ ትፈርሙበታላችሁ።