መልስ፦ ወንድሜ ኤምኤስ አለበት፣ መርሳቱ ከሱ ነው?

አብሽሪ እህቴ። ወንድምሽ የነገርሽውን ሁሉ የሚረሳው ችላ ብሎ ነው ወይስ ከበሽታው ብለሻል፣ ከበሽታው ሊሆን ይችላል፣ ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የአንጎልና የነርቭ በሽታ) እግርና አይን ብቻ አይደለም የሚነካው። የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ማይሊን የሚባለውን የነርቭ ሽፋን ያጠቃዋል፣ ፕላስቲኩ እንደተላጠ ሽቦ በይው፣ መልእክቱ ይዘገያል ወይ ይቆራረጣል፣ እየቆየ ደሞ አንጎሉ ራሱ ከጤነኛ ሰው ፈጠን ብሎ ይሳሳል፣ አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስም አይቀርለትም። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ የማሰብ ወይ የማስታወስ ችግር ይታያል።

ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚመጣው መርሳት ሳይሆን ሃሳብ መዝገም ነው። ኤምኤስ ያለባት የኔ አክስት ደሴ ቡና ላይ ሶስት ሰው ባንዴ ሲያወራ ወሬው ይጠፋባታል፣ በረካው ሳይደርስ ዝም ትላለች፣ ለብቻዋ ብታዋሪያት ግን ደህና ታወራለች (ጎረቤት ኮራች ይላታል፣ ወላሂ ያናድዳል)።

ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድባቴ፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስም ያባብሱታል፣ እነሱ ደሞ የሚታከሙ ናቸው፣ ስለዚህ ለኒውሮሎጂስቱ (ለነርቭ ሐኪሙ) መርሳቱን ለይታችሁ ንገሩት፣ ስለ እግሩ ብቻ አውርታችሁ እንዳትወጡ። ስልኩ ላይ አላርም ሙይለት፣ መድሃኒቱንም ተሻለኝ ብሎ በራሱ እንዳያቆም።