ቅቤውን ውስኪ ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። አንድ ዓርብ ማታ እንግዶች ቤቴ መጡ። ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጥኩት ውስኪ በበረዶ ቀድቼ ሰጠኋቸው። አንዷ ጎንጨት አለችና «ይሄ ነገር ምን ምን ይላል? ኮሰረት ኮሰረት አይልም እንዴ?» አለች። ክው አልኩ። ውስኪው ንጥር ቅቤ ገብቶበት የወጣ ነው፤ እሷ ደግሞ ጿሚ ናት። ጠርሙሱን ብታዩት ጥርት ያለ ነው፣ የቅቤ ጠብታ የለበትም። ችግሩም እሱ ነው፤ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ይህን ነገር ቤታችሁ የምትሞክሩ ከሆነ፣ ከቅቤው በፊት እስክሪብቶና ወረቀት አዘጋጁ። ምን እንደገባበትና መቼ እንደተሠራ ጻፉና ጠርሙሱ ላይ ለጥፉ።

መጠጥን በስብ የማጣጣም ዘዴውን ያስፋፉት የኒው ዮርክ ባርቴንደሮች ናቸው። በፈረንጆቹ 2007 አካባቢ ዶን ሊ የሚባል ባርቴንደር ፒዲቲ በተባለው መጠጥ ቤት የቤከን ስብ ቡርቦን የተባለው የአሜሪካ ውስኪ ውስጥ ጨምሮ ኦልድ ፋሽንድ የሚባለውን ኮክቴል ሠራበት። ቤከን የአሳማ ነው፤ ብዙዎቻችን አንነካውም። ግን ዘዴውን ሳየው ለንጥር ቅቤ የተፈጠረ ነው የመሰለኝ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ቅቤን በአረቄ? ምን ነካህ ልጄ!» አለችኝ። አዋዜውን በአረቄ የምትበጠብጠው ራሷ መሆኗን ሳስታውሳት ሳቀች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጣዕምና መዓዛ ከሚሰጡት ነገሮች ብዙዎቹ ስብ ውስጥም አልኮል ውስጥም ይሟሟሉ። ስቡ ያለውን ለውስኪው ያካፍላል። ከዚያ ሁለቱን መለየት ነው፤ 40 ፐርሰንት አልኮል የቤት ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አይሆንም፣ ቅቤው ግን ይረጋል።

አንድ ጠርሙስ፣ ማለትም 750 ሚሊ ሊትር ቡርቦን፣ አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ገልብጡ። ውድ ውስኪ አታባክኑ፣ መካከለኛው ይበቃል። ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ አቅልጡና ለብ ሲል ጨምሩበት። ትኩሱን እንዳትጨምሩ፤ አልኮሉ ይተናል፣ መስታወቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ምድጃውንም አጥፉ። ክዳኑን ግጠሙና በየጊዜው እየነቀነቃችሁ አራት ሰዓት ያህል አቆዩት። የእኛ ቅቤ ኮሰረቱም ኮረሪማውም ኃይለኛ ስለሆነ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ይደር።

ጠዋት ስትከፍቱት ቅቤው ላዩ ላይ እንደ ቂጣ ረግቶ ታገኙታላችሁ። በቢላ ጫፍ ብሱት፣ ውስኪውን በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሉት። ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል፤ አትጭመቁት፣ ጠብቁት። ማጥለሉን አንዴ ደግሙት። ስብ ከቀረበት ውሎ አድሮ ይቆመጥጣል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ በአንድ ወር ውስጥ ጨርሱ።

ስትጠጡት 60 ሚሊ ሊትር ቅዱ። ማር በሙቅ ውሃ አቅጥኑና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ። ሁለት ሦስት ጠብታ ቢተርስ (መራራ የቅመም ማጣፈጫ)፣ ትልቅ በረዶ፣ ከላይ የብርቱካን ልጣጭ። ይኸው ነው። ስኳር አታብዙበት፣ ኮረሪማው ይጠፋል።

ሥጋ ለሚወድ ደግሞ ቋንጣ በቮድካ አለ። እኔ መጀመሪያ በርበሬ የጠገበ ቋንጣ ለሳምንት ዘፍዝፌ መራራ ነገር አተረፍኩ። በርበሬውን አራግፉ፣ ሁለት እፍኝ ያህል ቆራርጣችሁ ጨምሩ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃዋል። በየግማሽ ቀኑ ቅመሱት። አጥልሉና ፍሪጅ መልሱት፤ ከቲማቲም ጭማቂ፣ ከሎሚና ከትንሽ አዋዜ ጋር እሁድ ረፋድ ላይ ልዩ ነው። ጥሬ ሥጋ ግን በፍጹም። ጠጅም ሆነ የወይን ጠጅ አይሆንም፣ አልኮላቸው ደካማ ነው። ቋንጣውን ቤት የምታደርቁ ከሆነ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከማድረቁ በፊት ሥጋውን እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁ ይላል። ከአገር ቤት በሻንጣ ለማምጣት አታስቡ፤ ጉምሩክ ይወስድባችኋል።

ሕጉን አትርሱ። ይህ የገዛችሁትን መጠጥ ማጣጣም ነው። አረቄ ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው፤ አሜሪካም እንግሊዝም ፈቃድ ይጠይቃል። ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ ለደንበኛ ከመቅዳታችሁ በፊት የግዛታችሁን የመጠጥና የጤና ደንብ ጠይቁ። ሳዑዲና ኩዌት ያላችሁ ይቅርባችሁ። እስራኤል ያላችሁ፣ ቅቤ የወተት ተዋጽኦ ነውና ኮሸር (የአይሁድን የምግብ ሕግ) ለሚጠብቅ እንግዳ ከሥጋ ማዕድ ጋር አታቅርቡለት።

ያ ፍሪዘር ውስጥ የረጋው ቅቤ አይጣልም። ውስኪ ውስኪ ይላል፣ ሽንኩርት ሲጠበስበት ደግሞ ጉድ ነው። እሳቱን ቀንሱ፣ አልኮል ስላለበት ቦግ ሊል ይችላል። ለልጆች ምግብ ግን አትጠቀሙበት። የምታስቀምጡበት ዕቃ ላይም ጻፉበት።