ስልኬን ላናግረው ወይስ ልጻፍለት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጆቼ መረጃ የሚፈልጉት ስልካቸውን እያናገሩ ነው። እኔም ዓይኔ ስለደከመ ሞከርኩት። አንዳንዴ ቀልጠፍ ብሎ ይመልስልኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያላልኩትን ጽፎ ቁጭ ይላል። ምን ባደርግ ይሻላል? ደግሞስ ሁልጊዜ ይሰማኛል ማለት ነው?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን። መጀመሪያ ነገር፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ድምፅ የሚለይ ማሽን የቆየ ህልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ቤል ላብስ የተባለ የአሜሪካ የምርምር ተቋም የሠራው «ኦድሪ» ቁጥሮችን ብቻ ነበር የሚለየው፣ እሱንም የለመደው ሰው ሲናገር ነው የሚቀናው። የአፕል የድምፅ ረዳት ሲሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአይፎን 4ኤስ ጋር ስትመጣ ነው ነገሩ ኪስ ውስጥ የገባው። ዛሬ ያለው ቴክኖሎጂ የሚማረው ከብዙ ሰው የተቀዳ ንግግርና ከጽሑፉ ነው። እንግሊዝኛ ይህ ሞልቶ ተርፎታል። አማርኛ ግን ጉግል የድምፅ መጻፊያ ውስጥ የገባው ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ በዚያ ላይ አንዱ ግስ በስንት መልክ እንደሚረባ ያውቁታል፤ ቢሳሳት አይገርምም።

ስለዚህ ጥያቄዎን አጠር አድርገው፣ ጫጫታ በሌለበት ይናገሩ። የሰውና የቦታ ስም ላይ በጣም ስለሚስት እሱን በእጅ ቢያርሙት ይሻላል። በአፍ መጠየቅ እሰየው ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ መልሱ ነው። ስልኩ አንድ መልስ አንብቦልዎት ዝም ሲል፣ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ሌላው ምን እንደሚል አያዩም። የአየር ሁኔታ ከሆነ ግድ የለም። የመድኃኒት መጠን ወይም የገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ግን ገጹን ራሱን ይክፈቱ። ዓይንዎ ካስቸገረዎት አንድሮይድ ላይ «ቶክባክ»፣ አይፎን ላይ «ቮይስኦቨር» የሚባሉት ገጹን ያነቡልዎታል፤ ሁለቱም ስልኩ ውስጥ አብረው የሚመጡ ናቸው።

ይሰማኛል ወይ ላሉት፣ መጥሪያ ቃሉን (ለምሳሌ «ሄይ ሲሪ» የሚለውን) ብቻ የሚጠብቅ ትንሽ ፕሮግራም ስልኩ ላይ አለ። ቃሉን የሰማ ሲመስለው ይነቃል (ሳይጠሩትም የሚነቃበት ጊዜ አለ)፣ ከዚያ በኋላ የሚሉት ብዙ ጊዜ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአፕል፣ የጉግልና የአማዞን የድምፅ ረዳቶች የቀዱትን በከፊል ሰዎች ያዳምጡት እንደነበር ተጋልጦ አፕል ይቅርታ ጠይቋል። ካልተመቸዎት ሴቲንግ ገብተው መጥሪያ ቃሉን ያጥፉትና የማይክሮፎኑን ምልክት ሲነኩ ብቻ እንዲሰማዎት ያድርጉ። ቀድሞ የተቀዳውንም ድምፅዎን እዚያው መሰረዝ ይቻላል፤ ልጆችዎን አሳዩኝ ይበሏቸው።